የሸዋረገጥ አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ

ሸዋረገጥ መንገድ ላይ መተት ቀበረች ተባለ።

ወሬው የተወለደው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ። ለኪዳን ጸሎት ማልደው የመጡ ሁለት ሴቶች አየናት አሉ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ አስፋልቱ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ቢጫ ክር የመሰለ ነገር ዘርግታ፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በጠመኔ መሬቱን ትጭራለች፤ ተነሥታ ወደ ግቢ ትገባለች፤ ውስጥ ማንን እንዳማከረች እንጃ፣ ወጥታ እንደገና ትተኛለች። ወሬው ረፋዱ ላይ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ደረሰ፤ ቲማቲም በሚመርጡ ሰዎች መካከል ሲያልፍ ክሩ ከዋልድባ የመጣ ሆነ። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሮ መቫሰረት ጽዮን ወጣ፤ እዚያ ሲደርስ የጥቁር ዶሮ እንቁላል ተጨምሮበታል። ዞሮ እኔ ጋ ሲመለስ እንቁላሉ ሁለት ነበር፤ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለሾፌሩ። እኔም፣ የንስሐ አባቴ ይስሙኝ፣ ሦስተኛውን ልጨምር ምንም አልቀረኝም።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ክሩ ሜትር ነው፤ ግንበኛ ወገቡ ላይ የሚሰካው ዓይነት ተጠቅላይ ሜትር። ከንፈሯን ያንቀሳቀሰው ቁጥር ነው። እንቁላል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው፣ ሸዋረገጥ ደግሞ በጾም እንቁላል ልትቀብር ቀርቶ በከረጢት ይዞ የሚያልፍ ሰው ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። መተት የተባለው ሒሳብ ነው። ሒሳቡም በአንድ ወጣት መንጃ ፈቃድ ላይ የተሠራ ሒሳብ ነበር።

ሸዋረገጥ የአዘዞ ልጅ ናት። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ለቀያሾች ሜትር ያዥ ሆና ገባች። ቀያሹ አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ እሷ ሌላውን ይዛ በእሾህና በድንጋይ መካከል ትሮጣለች። ሰውዬው ቁጡ ነበር ትላለች፤ ሜትሩ ትንሽ ከረገበ፦ «አንቺ ልጅ! ያልተወጠረ ሜትር ከምስክር ይበልጥ ይዋሻል!» ይላት ነበር። ከዚያ አገባች፤ ከባሏ ጋር ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ልትሳለም መጣች፤ ባሏ አናጺ ነበርና በጎዳናው ላይ ካሉት የእኛ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች በአንዱ ሥራ አገኘ፤ በዚያው ቀሩ። የግቢውን ስም አልጠራም፤ ትንሹ ነው ብል ይበቃል። ባሏ ካረፈ ወዲህ በረኛዋ እሷ ናት፤ ቁልፉም፣ መጥረጊያውም፣ ካሜራውም በእሷ እጅ ነው።

ስለ ካሜራው ላውጋችሁ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ አንዱ ከበሩ አናት ላይ ወደ መንገዱ ያያል። ሥዕሉ በበረኛዋ ክፍል ባለች አንዲት ትንሽ ስክሪን ላይ ይመጣል። እንግዲህ አስቡት፦ በሰንበት ማን አርፍዶ እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር ከግንቡ ሥር ቆሞ እንደተጨቃጨቀ፣ ማን ቅዳሴ ሳያልቅ ሹልክ እንዳለ፣ ሁሉን ታያለች። አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም! እኔ ያንን ስክሪን ለአንድ ሳምንት ባገኝ የሦስት ዓመት ስንቅ እቋጥርበት ነበር። እሷ ዘንድ ሄጄ፦ «እስቲ ባለፈው እሑድ...» ስላት፣ «ባለፈው እሑድ ዝናብ ነበር» ትለኛለች። በቃ። በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ካሜራ ይዞ ወሬ የማያወራ ሌላ ሰው አላውቅም።

አደጋው የደረሰው ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። እማሆይ ወለተ ኪዳን ከማዶ ወደ ግቢው በር እየተሻገሩ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ከንፈራቸው ከዳዊት ሳይለይ ነው የሚራመዱት። ዕቃ የሚያደርስ ነጭ ቫን መጣ። ሾፌሩ ሲያያቸው ፍሬን ይዞ ወደ ማዶው ግንብ ተጠጋ፤ መስታወቱ ግን መቋሚያቸውን መታው፣ መቋሚያው ሲሄድ እሳቸውም ሄዱ። ግራ እጃቸው ከአንጓው ተሰበረ።

ሾፌሩ ደረሰ ይባላል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መቫሰረት ጽዮን ባለው የመጤዎች ማረፊያ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን በዚያ ቫን የሚያበላ ልጅ ነው። ወርዶ እማሆይን አቀፋቸው፣ ጃኬቱን ከራሳቸው ሥር አደረገ፣ አምቡላንስ ጠራ፣ አለቀሰ። «ከሠላሳ አላለፍኩም! በእግዚአብሔር፣ ከሠላሳ አላለፍኩም!» ይል ነበር። በዚያ ጎዳና ሕጉ የሚፈቅደው ሠላሳ ነው።

ከማዶ በረንዳ ላይ ደግሞ ኤልያሁ ነበር። ኤልያሁ ጡረተኛ ነው፤ የበረንዳው ወንበር ከእሱ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። «በሰባ ይበር ነበር!» ብሎ ጮኸ። ለመጣው ፖሊስም ሰባ ብሎ ፈረመ። ሰባ ማለት ለደረሰ ፍርድ ቤት ማለት ነው፤ ሪሽዮኑን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ለብዙ ዘመን መነጠቅ ማለት ነው። ያለ ሪሽዮን ቫን የለም፤ ያለ ቫን በዚያ ቤት እራት የለም።

በሦስተኛው ቀን ደረሰ ግቢው በር ላይ መጥቶ ቆመ። ይህ ልጅ አነጋገሩ እንዲህ ነው፦ ሲረጋጋ እናቱ እንዳስተማረችው «እርስዎ» ይላል፤ ሲደነግጥ «አንቺ» ውስጥ ይወድቃል።

«እትዬ ሸዋረገጥ፣ እርስዎ... ማጽሌማው፣ ካሜራው፣ እኔን አይቶኛል?»

«አይቶሃል።»

«በስንት ስነዳ አየኝ?»

«ካሜራ ያያል እንጂ አይቆጥርም» አለችው። «መቁጠር የሰው ሥራ ነው። ነገ ተመለስ።»

አቆጣጠሯን ለእኔም አስረድታኛለች፤ እኔ ከገባኝ ለማንም ይገባል። መቅረጫው በአንድ ሰከንድ አሥራ አምስት ፎቶ ያነሣል። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ፊልም ይመስላሉ፤ አንድ ቁልፍ እየነኩ አንድ በአንድ ማሳለፍም ይቻላል። ሸዋረገጥ በስክሪኑ ላይ ቫኑ ፍሬን ሳይዝ ያለፋቸውን ሁለት ምልክት መረጠች፤ በእኛ በኩል፣ ከጠርዙ ላይ ያለውን የፍሳሽ መክደኛ ብረትና ከእሱ ወዲያ ያለውን ምሰሶ። የቫኑ የፊት ጎማ በመክደኛው ትይዩ ሲደርስ «አንድ» ብላ ጀመረች፤ ምሰሶው ትይዩ እስኪደርስ አሥራ ስምንት ፎቶ አለፈ። አሥራ ስምንት ለአሥራ አምስት ሲካፈል፣ አንድ ሰከንድና ትንሽ ፈሪ። ከዚያ ሜትሯን ይዛ ወጥታ ከመክደኛው እስከ ምሰሶው ለካች፤ ዘጠኝ ሜትር ከስድሳ። መንገዱን ለጊዜው ስታካፍለው፣ ያንንም ወደ ሰዓት ስትመልሰው ሃያ ስምንት፣ ቢበዛ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መጣ።

መቅረጫው በእርግጥ አሥራ አምስት ማንሣቱንም ዝም ብላ አላመነችም። የግቢው መጋቢ አባ ገብረ ጻድቃን የግድግዳ ሰዓታቸውን አቅፈው ካሜራው ሥር እንዲቆሙላት ለመነቻቸው። አላፊ አግዳሚው መነኩሴው ሰዓት ሊሸጡ የወጡ መስሎት ዋጋ ጠየቃቸው። እሷ ውስጥ ሆና የሰከንዱ ዘንግ አሥር እስኪሄድ ቆጠረች፤ መቶ ኀምሳ ፎቶ። ልክ ነው።

«ሃያ ስምንት» አለችው ለደረሰ በማግስቱ። ልጁ ግንቡን ሳመ። እሷንም ሊስም ነበር፣ የተወው መጥረጊያ ይዛ ስለነበር ነው። ለእናቱ እዚያው ቆሞ ደወለ፤ እናቱም በማግስቱ አንድ ዘንቢል ሮማን ላከች።

ከዚያ የፖሊስ መርማሪው መጣ። ኤራን ይባላል፤ በአደጋው ቀን ስፍራው ላይ የነበረ፣ ረጋ ያለ፣ ራሰ በራ ሰው ነው። ስክሪኑን ገና ከማየቱ ሳቀ። የሸዋረገጥ ዕብራይስጥ ከማሃኔ ይሁዳ ሽንኩርት ሻጮች የተማረችው ነውና ከማንም ጋር ስትነጋገር ዋጋ የምትከራከር ነው የምትመስለው።

«እመቤቴ፣ ይህ እኮ ከሰባት ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው» አላት። «2018 ይላል፣ ወሩም ማርች።»

«ኅዳር ነው።»

«ሦስተኛው ወር ይላል!»

«ታዲያ ኅዳር ስንተኛ ወር ነው?»

ኤራን ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ሰዓቱም ሦስት ይላል። ከሌሊቱ ሦስት። ጎዳናው ደግሞ በፀሐይ ተጥለቅልቋል።»

«በሦስት ሰዓት ፀሐይ ካልወጣች መቼ ልትወጣ ነው?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቅረጫውን የገጠመው ሰው ቀንና ሰዓት ሊሞላ ሲል አባ ገብረ ጻድቃን እጁን ያዙት፤ «በዚህ ግቢ ዘመን የሚቆጠረው በባሕረ ሐሳብ ነው» ብለው በእኛ አስሞሉት። ዓመቱም በእኛ፣ ወሩም በእኛ፣ ሰዓቱም በእኛ። ወር በገባ ቁጥር አባ ራሳቸው እየመጡ ያስተካክሉታል። ጳጉሜን ስትመጣ መሣሪያው አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ስለሚል፣ አባ «እንግዲያው ይጹም» ብለው አምስቱን ቀን ያጠፉታል። እኛ ለዓመታት ይህ ትክክል መስሎን ኖረናል፤ አሁንም ስሕተቱ የማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ አይደለም።

ኤራን ደብተሩን ሊከድን ሲል ሸዋረገጥ ፊልሙን ወደ ፊት አሮጠችው። አምቡላንሱ መጣ፣ ሄደ። የፖሊስ መኪና መጣ። አንድ ሰው ወርዶ ግንቡ ሥር ቆመ፤ ግራ ቀኝ አይቶ ከወረቀት ከረጢት ቡሬካ የሚሉትን የሊጥ መክሰስ አወጣና ጎረሰ።

«ይህ ራሰ በራ ሰውዬ ማነው?» አለችው።

ኤራን ሸሚዙን ቁልቁል አየ።

«በሰባት ዓመት ውስጥ ምንም አላረጀህም» አለችው። «ሸሚዙም ያው ነው።»

ደረሰ በሩ ሥር ቆሞ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ግንቡ ዞረ። ኤራን የራሱን መዝገብ ገለጠ፤ የደረሰበት ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ አራት ተብሎ ተጽፏል፤ ስክሪኑ ሦስት ከሃያ አራት ይላል። ስድስት ሰዓት ልዩነት፣ ደቂቃ ሳይዛነፍ። ቀኑንም እሷ ወረቀት ላይ በእነሱ አቆጣጠር መለሰችለት። እሱም ጻፈ።

«ፊልሙ ይሁን» አለ። «ሃያ ስምንት ያልሽውንም ጽፌዋለሁ። ግን ሃያ ስምንቱን በምን ልመን?»

«በሜትሬ።»

«ሜትርሽንስ በምን?»

እርሱ ይህን እንደ ዋዛ ጠይቆ ሄደ። እሷ ግን ጥያቄውን እንደ ጠጠር በጫማዋ ይዛ ዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን መርማሪው ከጻፈ ወዲያ ሮማኑን እየፈለፈለ ይቀመጥ ነበር። ሸዋረገጥ ፍጥነቱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር በዚያው መንገድ አሳልፋ፣ ቁጥሯ ያንኑ ያወጣ እንደሆነ ልታይ ፈለገች። እና ወደ ማን ሄደች? ወደ ባላጋራዋ ምስክር!

ኤልያሁ ካልኖዒት የሚሏት አለችው፤ አረጋውያን የሚቀመጡባት ባለ አራት ጎማ የኤሌክትሪክ ጋሪ። ፊቷ ላይ ፍጥነት የሚያሳይ ሰሌዳ አላት።

«ለዚያ ልጅ ብዬ አልነዳም» አላት ከበረንዳው።

«ለልጁ ማን አለህ? ለሜትሬ ነው።»

«ምን አገኛለሁ?»

«በካሜራ ትወጣለህ።»

ኤልያሁ ገብቶ የሰንበት ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ቫኑ በሄደበት በማዶው በኩል፣ ሰሌዳው አሥር ላይ እንደቆመ፣ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ በሦስተኛው እጁን አውለበለበ። ሸዋረገጥ ቆጠረች። ስልሳ ሁለት ፎቶ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። አካፈለች፤ ስምንት ከምናምን መጣ። እንደገና አካፈለች፤ ያው ስምንት ከምናምን።

«ጋሪህ ትዋሻለች» አለችው ወደ መንገዱ ወጥታ። «አሥር ትላለች እንጂ ስምንት ናት።»

«ጋሪዬ?» ኤልያሁ ቀላ። «ከሐኪም ቤት በደብዳቤ የተሰጠችኝ ናት! የምትዋሸው ያንቺ ሜትር ናት!»

ሸዋረገጥ በመንገዱ መካከል እንደቆመች መክደኛውን አየች፣ ምሰሶውን አየች፣ ቀና ብላ ካሜራውን አየች፣ ከዚያ ጎማ የሄደበትን የማዶውን መስመር አየች። «እግዚኦ» አለች።

ነገሩን ለማየት ሁለት ጣትህን ከፍተህ ዓይንህ ፊት ያዝ። በጣቶችህ መካከል ከማዶ ያለው ቤት ሙሉውን ይገባል፤ ቤቱ ግን ከጣቶችህ ክፍተት እጅግ ይሰፋል። ካሜራውም እንዲሁ ነው። እሷ የለካችው በእኛ በኩል፣ ለካሜራው ቅርብ የሆነውን ጠርዝ ነው። ቫኑ ግን የሄደው ራቅ ብሎ፣ በማዶው በኩል ነው፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ለማለፍ የሄደው መንገድ ከተለካው ይረዝማል። ረዥም መንገድ በዚያው ጊዜ ከሄደ ደግሞ ፈጥኗል ማለት ነው። ከስምንት ከምናምኑ እስከ አሥር ያለው ጉድለት የጋሪዋ አልነበረም።

እነሆ ያ ማክሰኞ ጎሕ። መኪና ሳይመጣ ወጣች። የቫኑ ጎማ በሄደበት መስመር ላይ ተኝታ በጠመኔ ነጥብ ታደርጋለች፤ ወደ ክፍሏ ገብታ ነጥቡ በስክሪኑ ላይ ከመክደኛው ጋር መግጠሙን ታያለች፤ ካልገጠመ ወጥታ ነጥቡን አንድ ስንዝር ታዛውራለች። ከዚያ በምሰሶው በኩል እንዲሁ። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ሜትሩን በአንዱ ነጥብ ላይ በድንጋይ ተጭና ወጠረችው። አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ። በዚህ ስትሠራው የኤልያሁ ጋሪ አሥር ሆነች። ደረሰ ደግሞ ሠላሳ አራት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደረሰ ሲመጣ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«ሠላሳ አራት» አለችው፣ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ።

«ማ? ምን ሠላሳ አራት?»

«ፍጥነትህ። ሜትሬ ተሳስቶ ነበር።»

«ሃያ ስምንት ነው ያልሽኝ! ለእናቴ ነግሬያታለሁ!»

«ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ።»

«እትዬ ሸዋረገጥ፣ ዲ፣ በቃ! ኤራን ሃያ ስምንቱን ጽፎታል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ ብቻ!»

«ታዲያ እኔ ሰው አይደለሁም?»

ልጁ ግንቡን በመዳፉ መታው። «ሪሽዮኔ ነው እኮ! አንቺ ምን ትሆኛለሽ? መጥረጊያሽን የሚወስድብሽ የለም።»

ይህ አባባል እንዳመማት አውቃለሁ፤ የነገረችኝ እሷ ሳትሆን አባ ገብረ ጻድቃን ናቸው፣ ከመስኮት ሆነው ሰምተዋል። ድምፅዋን ግን አላነሣችም። «ስማኝ ልጄ» አለችው። «ሰባ ያለውን ሰውዬ ተሳስተሃል ልንለው የሄድነው ምን ይዘን ነው? ቁጥር ይዘን ነው። ቁጥሩ ወደ እኛ ሲዞር ከጣልነው፣ የእሱ ጩኸትና የእኛ ጩኸት በምን ይለያል?»

«እኔ አላውቅም በምን እንደሚለይ! እኔ የማውቀው ማታ ቤት ስገባ እናቴ የምትጠይቀኝን ነው!»

«ሮማኑን ልመልስልህ?» አለችው። «ግማሹን በልቼዋለሁ።»

ሳይሰናበታት ሄደ። በነጋታው ስልኳን አላነሣላትም።

ሐሙስ ዕለት የኤራን ቢሮ ውስጥ ሁሉም ተገናኙ። ኤልያሁ በሰንበት ሸሚዙ። አባ ገብረ ጻድቃን፣ አጠገባቸው እማሆይ ወለተ ኪዳን እጃቸው በነጭ ጄሶ ታስሮ። ደረሰ በሩ አጠገብ፣ ዓይኑ መሬት ላይ። ሸዋረገጥ ፊልሙን በፍላሽ፣ ሒሳቡን በልጆች ደብተር ላይ ጽፋ መጣች።

«እንግዲህ» አለ ኤራን ወረቀቱን እያየ፣ «ምስክሩ ሰባ ይላል። አንቺ ሃያ ስምንት።»

«ሠላሳ አራት» አለች ሸዋረገጥ።

«እዚህ ሃያ ስምንት ብለሻል ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ሰርዘው። ሠላሳ አራት ነው።»

ሽንኩርት ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፤ ገዢ ራሷ ዋጋ ስትጨምር የታየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ኤራን ብዕሩን አስቀመጠ። «ማን አስገድዶሽ ነው ያረምሽው?»

«የኤልያሁ ጋሪ።»

ኤልያሁ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ።

ሁሉንም አስረዳችው፤ መክደኛውን፣ ምሰሶውን፣ በማዶ የሄደውን ጎማ፣ የተሳሳተችውን። ኤራን ራሱ ቁልፉን እየነካ ቆጠረ፤ አሥራ ስምንት። «አንድ ፎቶ ብትስቺስ?» አላት።

«አንድ ብስት ከሠላሳ ሁለት እስከ ሠላሳ ስድስት ይሆናል፤ ከዚያ አይወጣም። ሰባ እንዲሆን ግን በዘጠኝ ፎቶ ማለፍ ነበረበት። ከፈለግህ ዘጠኙን ፈልገህ አሳየኝ።»

ኤራን አንድ ጊዜ መልሶ ቆጠረ። ከዚያ ወደ ኤልያሁ ዞረ። ኤልያሁ ጢሙን አሻሸ፤ «ድምፁ ሰባ ነበር» አለ።

«የኋላ በሩ ይንጫጫል» አለ ደረሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «ባዶ ሲሆን ይንጫጫል። እዚያ ግንብ ለግንብ ስለሆነ...»

«ድምፁ ሰባ፣ መኪናው ሠላሳ አራት» አለ ኤልያሁ፤ እንዲህ ሆኖ እንዲጻፍለትም ጠየቀ። ተጻፈለት።

ኤራን አሰበ፣ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ። ከሕጉ በአራት ማለፉ ጥፋት ነው፤ ቀላል ቅጣት ይኖረዋል፤ ነገሩ ግን ፍርድ ቤት አይሄድም፣ ሪሽዮኑም አይነካም አለ። «ሃያ ስምንት ብላ ብትቀር ኖሮ» አለ ወረቀቱን ወደ ደረሰ እየገፋ፣ «ሌላ ባለሙያ አስለካው ነበር። ያኔ የሚታመን ሰው ባልቀረልህም።»

ደረሰ ወረቀቱን ያዘ። ከዚያ መጥቶ ሸዋረገጥን ትከሻዋ ላይ ሳማት። «እትዬ፣ እርስዎ...» አለና ቀሪው ጠፋበት፤ በዕብራይስጥም አልመጣለትም። እማሆይ በደህና እጃቸው ራሱን ዳበሱት፤ «የተባረክህ ሁን፤ ቀስ በል ግን» አሉት። አባ ገብረ ጻድቃን ቆባቸውን አስተካከሉ። ኤልያሁ ፊልሙ ውስጥ የታየበትን ክፍል ለልጅ ልጆቹ ማግኘት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሁሉም ተነሣ።

ሸዋረገጥ አልተነሣችም። ደብተሯን አንድ ገጽ ገለጠች።

«ሁላችሁም ደረሰ በስንት እንደነዳ ጠየቃችሁኝ» አለች። «እማሆይ በስንት እንደሚሻገሩ የጠየቀኝ የለም። እሱንም ቆጥሬዋለሁ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አሥራ ሦስት ሰከንድ ነው። መኪና ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ፣ በሕጉ፣ በሠላሳው ቢመጣ፣ እሳቸው ጋ የሚደርሰው በአምስት ሰከንድ ነው። ስምንቱን ሰከንድ እማሆይ የት ይቁሙ?»

ኤራን ብዕሩን አነሣ፣ መልሶም አስቀመጠው።